ስለ አደን ሕግና ስለ ግዳይ አያያዝ በራያ ቆላ

እግዚአብሔር ሰውን ከፈጠረ በኋላ በምድር አራዊትና በሰማይ ወፎች ላይ ሥልጣን እንደ ሰጠው ኦሪት ዘፍጥረት ያስረዳል። ሥልጣን ግን ሁለት ወገን አለው፤ አንደኛው መጠቀም፥ ሁለተኛውም መጠበቅ ነው። ሹም በአገር ላይ የሚሾመው ግብር ይሰበስብ ዘንድ ብቻ ሳይሆን ሕዝቡንም ይጠብቅ ዘንድ እንደ ሆነ ሁሉ፥ ሰውም በአራዊት ላይ የተሾመው በዚሁ ዐይነት ነው። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን አደን የሚፈቀደው በምን ሥርዓት እንደ ሆነ፥ የወደቀውም ግዳይ ከበረሃ ወደ ሰው ቤት በምን አኳኋን ሊወጣ እንደሚገባ በቆቦና በራያ ቆላ ምሳሌነት እንናገራለን።

ከወልድያ ከተማ ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ የቆቦን ሜዳ ያገኛል። ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,500 ሜትር ከፍታ ያለው፥ በስተ ምዕራብ በላስታ አቅጣጫ ባሉት ተራሮች፥ በስተ ምሥራቅ በዞብል ተራራ የታጠረ ሰፊ የማሽላና የጤፍ አገር ነው። ጎሊናና ሆርማት ከደጋው ወርደው ያጠጡታል። ከዞብል ወዲያ የአፋር ቆላ ይጀምራል። በሜዳውና በጋራው ሥር ሚዳቋ፥ ድኩላ፥ ከርከሮ፥ ዝንጀሮና ጅብ ይገኛሉ፤ ወደ አፋር ምድር ለወረደም ሜዳ ፍየልና ሰጎን ይታዩታል። በደናክል በረሃ ደግሞ ከዓለም ሊጠፉ ከተቃረቡት እንስሳት አንዱ የሆነው የዱር አህያ ይኖራል። ይህን ሁሉ መቍጠራችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሰው ያለውን ሀብት ካላወቀ መጥፋቱንም አያውቅምና ነው።

በአገራችን የቀድሞ ልማድ አደን የጀግንነት መፈተኛ ነበረ። ዝሆን፥ አንበሳ፥ ጎሽና አውራሪስ የገደለ ሰው በአደባባይ ይፎክራል፥ ይሸለማል፥ ስሙም ከአባቶቹ ስም ጋር ይነሣል። ያን ጊዜ ዱሩ ሰፊ፥ መሣሪያውም ጦርና ጋሻ ነበረና አዳኙ ነፍሱን ለአደጋ አሳልፎ ይሰጥ ነበር። ዛሬ ግን ጥይት ከሩቅ ይገድላል፤ ጀግንነቱም በዚያው ልክ ቀንሷል። ከዚህም የሚከፋው፥ አንዳንድ ሰው ቀንዱን ወይም ቆዳውን ብቻ ወስዶ ሥጋውን ለጅብና ለጥንብ አንሣ ትቶ መሄዱ ነው። እንዲህ ያለው ሥራ የአባቶችን ወግ መከተል ተብሎ ሊጠራ አይችልም፤ አባቶች የገደሉትን ይዘው፥ ተካፍለው፥ ለመንግሥትም የሚገባውን ድርሻ ሰጥተው ይገቡ ነበርና።

የአደን ሕግ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1909 ዓ.ም. አደንን፥ ይልቁንም የዝሆንን አደን በሥርዓት የሚወስን ደንብ አውጥተዋል። ከጠላት ወረራ በኋላም መንግሥት ገና ተቋሞቹን በማደራጀት ላይ ሳለ፥ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1944 ዓ.ም. የዱር እንስሳት ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 61 ወጣ። በ1964 ዓ.ም. ዝርዝር ደንብ ተከተለ። ከዚያም የዱር እንስሳት ልማት፥ ጥበቃና አጠቃቀም ዐዋጅ ቍጥር 541 በ1999 ዓ.ም.፥ የማስፈጸሚያው ደንብ ቍጥር 163 ደግሞ በ2000 ዓ.ም. ወጡ፤ በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን ተቋቋመ። እንግዲህ መንግሥታት ሲለዋወጡ ሕጉ መልሶ መላልሶ መታደሱ፥ ነገሩ የአንድ ዘመን አሳብ ሳይሆን የአገር ጕዳይ መሆኑን ያስረዳል።

ብዙ ሰው ግን «ሜዳው የማንም ነው፤ አውሬውም ባለቤት የለውም» ይላል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ደንግጓል። የሕዝብ የሆነ ነገር የማንም ያልሆነ ነገር አይደለም፤ የሁሉም የሆነ ነው እንጂ። የቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳት የምእመናን ሁሉ ስለ ሆነ ማንም ምእመን እየተነሣ ወደ ቤቱ አይወስደውም፤ የሕዝብ ሀብትም እንዲሁ ነው። ስለዚህ አዳኝ ሊሆን የሚሻ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ፈቃድ መያዝ፥ ፈቃዱም የትኛውን እንስሳ፥ ስንቱን፥ በየትኛው ቦታ እንደሚፈቅድለት ማወቅ ይገባዋል። ለአደን ባልተከለለ ስፍራ ጠመንጃ መያዝ ብቻውን መብት አይሰጥም። ፈቃድ የሌለው ሰው ስለ ሥጋው አወጣጥ ከመጠየቁ በፊት መተኰሱን መተው አለበት።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ለይተን እንናገር። ማሽላው በዝንጀሮና በከርከሮ የተበላበት ገበሬ አዳኝ አይደለም፤ የልጆቹን እንጀራ የሚጠብቅ ሰው ነው። ለእርሱ የሚያስፈልገው ወቀሳ ሳይሆን ርዳታ ነው። የወረዳው ሹማምንት ከባለሙያዎች ጋር ተማክረው እሸት በደረሰበት ወራት ጥበቃ እንዲጠናከር፥ አጥርም እንዲታጠር ቢያደርጉ፥ ገበሬው በቍጣ ተነሥቶ ያገኘውን ሁሉ ከመግደል ይድናል። ደግሞም እህል አጥፍቷል ተብሎ በአንዱ ከርከሮ ምክንያት ምንም ያላጠፋችው ሚዳቋ መሞት የለባትም።

ወደ ግዳዩ አያያዝ እንመለስ። ለሊቃውንት እንደሚታወቀው፥ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 እና በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 14 የሚበላውና የማይበላው ተለይቷል። ሰኰናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ ንጹሕ ነው፤ ስለዚህ አጋዘን፥ ድኩላ፥ ሜዳ ፍየልና ሚዳቋ ይበላሉ። ከርከሮ ሰኰናው ቢሰነጠቅም አያመሰኳምና አይበላም፤ የዱር አህያ ከሁለቱ አንዱም የለውም። በዚያው በዘሌዋውያን ምዕራፍ 17 አዳኝ የገደለውን የሚበላ እንስሳ ደም አፍስሶ በዐፈር ይሸፍን ዘንድ ታዟል። በዘዳግም ምዕራፍ 22 ደግሞ እናቲቱን ወፍ ከጫጩቶቿ ጋር መውሰድ ተከልክሏል። ዛሬ የእንስሳት ሊቃውንት እናት እንስሳና ግልገል አይገደሉ የሚሉት ምክር ከዚህ አሳብ የራቀ አይደለም፤ ዘር የሚቀረው በእናት ነውና።

ጥይት የመታው እንስሳ ነፍሱ ሳትወጣ ደርሶ በስመ ሥላሴ መባረክ የክርስቲያን አዳኝ ግዴታ ነው። ያለዚያ በክት ይሆናል፤ በክትንም ማንም አይበላውም። እስላሙም ወገናችን በሥርዓቱ የፈጣሪን ስም ጠርቶ ካላረደው አይቀምሰውም። ራያ ክርስቲያንና እስላም በአንድ ገበያ፥ በአንድ ውሃ የሚኖሩበት አገር ስለ ሆነ፥ አዳኝ ወደ ዱር ከመውጣቱ በፊት ሥጋው ለማን እንደሚደርስ አስቦ ካራጁ ማን እንደሚሆን መወሰን አለበት። ባራጁ ምክንያት ሥጋው በላተኛ አጥቶ ቢቀር፥ እንስሳው በከንቱ ሞተ ማለት ነው። ከዚህም የተነሣ ሩቅ ቦታ ያለውን እንስሳ በዘፈቀደ መተኰስ አይገባም፤ ቆስሎ ያመለጠውንም እስኪገኝ ድረስ ፋናውን መከተል ግድ ነው። አቍስሎ የተወ ሰው ከገደለው የሚበልጥ በደል ፈጽሟል፤ ለሥቃይም ለብክነትም ምክንያት ሆኗልና።

ሞቶ የተገኘ እንስሳ ግን በምንም ምክንያት አይነካ። ፍትሐ ነገሥትም የሞተውንና አውሬ የሰበረውን መብላት ይከለክላል። በዚህ ላይ አባ ሰንጋ የተባለው በሽታ ከሞተው እንስሳ ሥጋና ቆዳ ወደ ሰው የሚተላለፍ፥ ጀርሙም በዐፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት የሚቈይ ስለ ሆነ፥ እንዲህ ያለውን በድን ያየ ሰው ለእንስሳት ሐኪም ማስታወቅ እንጂ መገፈፍ አይገባውም።

አሁን ቍጥር እናስብ። አንድ የደረሰ ወንድ አጋዘን ከ200 እስከ 300 ኪሎ ይመዝናል። ሆድ ዕቃው፥ ቆዳው፥ ራሱና እግሩ ሲወጣ ከ100 ኪሎ የማያንስ ሥጋ ይቀራል። በቆላ ሙቀት 25 ኪሎ ተሸክሞ ጋራ የሚወጣ ሰው ብርቱ ነው። እንግዲህ ላንድ አጋዘን አራት ወይም አምስት ሸክም ሰው፥ አለዚያም በቂ በቅሎና አህያ፥ በአፋር በኩል ደግሞ ግመል ያስፈልጋል። ስለዚህ አስተዋይ አዳኝ ጥይቱን ከመቍጠሩ በፊት የሚያጓጕዝለትን ከብት ይቈጥራል። ከመንገድ ግማሽ ቀን በራቀ ገደል ውስጥ የቆመ አጋዘን፥ ተሸካሚ ለሌለው ሰው እንደሌለ ያህል ነው፤ ቢተወው ይሻለዋል።

ሥጋን የሚያበላሹት ሙቀት፥ ርጥበትና ቈሻሻ ናቸው። እንስሳው እንደ ታረደ ሳይውል ሳያድር ሆድ ዕቃው ይውጣ፤ አንጀቱና ፊኛው እንዳይቀደድ ጥንቃቄ ይደረግ። ቆዳው ሙቀት ይዞ ስለሚያቈይ ቶሎ ይገፈፍ። ብልቱ ተለያይቶ ከዛፍ ጥላ ሥር ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይሰቀል፤ ዝንብ እንዳያርፍበት በንጹሕ አቡጀዲ ይሸፈን። በላስቲክ መጠቅለል ግን ሙቀቱን አምቆ ያገማዋል። ከኩሬ በተቀዳ ውሃም አይታጠብ። የታፋው አጥንት ዙሪያ ከሁሉ በፊት የሚገማ ስለ ሆነ በቢላዋ ተከፍቶ ይናፈስ። ጕዞውም በቀትር ሳይሆን በማለዳ ወይም ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ይሁን።

ጭነቱን በተመለከተ፥ የሲራራ ነጋዴ የሚያውቀው ጥበብ እዚህም ይሠራል። የቀኙና የግራው ክብደት እኩል ካልሆነ የከብቱ ጀርባ ይቈስላል። ከጭነቱ ሥር ወፍራም ድብዳብ ይነጠፍ፥ መጫኛውም ይጥበቅ። በቅሎ ደም ሲሸታት ስለምትደነግጥ ሥጋውን በሚገባ ሸፍኖ፥ ሰው ከፊት ይዟት ቀስ ብሎ መጫን ያስፈልጋል። ቀንዱ የከብቱን ጐን እንዳይወጋ ከሁሉ በላይና በመጨረሻ ይጫን።

ቀን ጾም ቢሆን ሥጋው ይጣል ማለት አይደለም። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ምእመን የሚጾመው ቀን በዓመት ከ180 የማያንስ ስለ ሆነ፥ የአዳኝም ግዳይ ብዙ ጊዜ በጾም ላይ ይውላል። እናቶቻችን ሥጋን ዘልዝለው በጨውና በበርበሬ አሽተው ቋንጣ አድርገው እስከ ፍሲካ ማቈየት ያውቃሉ። ጨዉም ቢሆን ከዚሁ ከአፋር ምድር ሲመጣ የኖረ ነው። ስለዚህ ለብክነት ማመካኛ የለንም።

በሌላውም አገር ይህ ነገር በሕግ ተወስኗል። በአሜሪካ በአላስካ አዳኝ የሚበላውን ሥጋ በሙሉ ከዱር ሳያወጣ ቀንዱን አስቀድሞ ይዞ መውጣት ተከልክሏል፤ ቀንዱ ሊወጣ የሚችለው ከመጨረሻው የሥጋ ጭነት ጋር ነው። ከ1900 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ፥ ይህም በፈረንጅ አቈጣጠር ነው፥ በሕገ ወጥ መንገድ የተገደለ እንስሳን ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ማጓጓዝ በዚያች አገር ወንጀል ሆኗል። ሕጉ ገዳዩን ብቻ ሳይሆን አጓጓዡንም መያዙን ልብ ይሏል።

ይህ ለቆቦ ትልቅ ትምህርት ነው። ቆቦ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ ጐዳና ላይ ያለች፥ ከአፋርም ጋር የምትዋሰን ከተማ ናት። ቆዳ፥ ቀንድ ወይም የዱር ሥጋ የጫነ ሰው ሲያልፍ «ከየት አመጣኸው፤ ወረቀትህስ የታለ» ብሎ የሚጠይቅ ሹም ካለ፥ ጫካ ውስጥ ዘበኛ ባይደርስም ሕግ ደረሰ ማለት ነው። የዱር እንስሳን ውጤት ይዞ ለመዘዋወር ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ሕግ ደንግጓልና፥ መጠየቁ ክፋት ሳይሆን ግዴታ ነው። ጠያቂው ሹም ግን ራሱ ሥጋውን ተካፍሎ የሚያሳልፍ ከሆነ፥ ሕጉን ከሰበረው አዳኝ ይልቅ ሕጉን የሸጠው ሹም ይከፋል።

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በዚያ አገር የተደረገው ጦርነት በሕዝቡ ላይ ያደረሰው መከራ ይታወቃል። ጦርነት ሲያልፍ ጠመንጃ ይቀራል፤ ጠመንጃ በበዛበት አገር ደግሞ ፍርድ ለሰውም ለእንስሳም ይጠብባል። ሰላም ሲሰፍን ሰው የፈረሰ ቤቱን መልሶ ይሠራል፥ ከብቱንም ያረባል፤ ያለቀ የዱር ዘር ግን በገንዘብ ተገዝቶ አይመለስም። መጋቢት 11 ቀን 2007 ዓ.ም. መንግሥት ስድስት ቶን ያህል የዝሆን ጥርስ በአዲስ አበባ በእሳት ያቃጠለው፥ በሕገ ወጥ ግድያ የተገኘ ሀብት ሀብት እንዳልሆነ ለማስረዳት ነበረ። ያ ዐመድ ግን አንዲት ዝሆን እንኳ አላስነሣም።

እንግዲህ የወረዳ ሹማምንት ሕጉን በገበያ ቀን ለሕዝቡ በሚገባው ቋንቋ ያስታውቁ፤ ለድኃውና ለባለ ጸጋውም እኩል ያድርጉት። የሃይማኖት አባቶችም በዐውደ ምሕረትና በንስሓ ልጆቻቸው ዘንድ፥ በከንቱ የፈሰሰ የእንስሳ ደም በፈጣሪ ፊት የሚያስጠይቅ መሆኑን ያስተምሩ። ለገዳይ ምስጋና የሚሰጥ ሕዝብም የምስጋናውን መለኪያ ይለውጥ፤ ስንት ጣልህ ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ በማን ፈቃድ ገደልህ፥ ሥጋውንስ ማን በላው ብሎ ይጠይቅ። ይህ ጥያቄ በቆቦ ገበያ የተለመደ የሆነ ቀን፥ ከዞብል ሥር የሚሰማራው ሚዳቋ ለልጅ ልጆቻችን ይተርፋል።