በበጌምድር ዋሻ ስለ ተገኘው የከሰለ እህል

ደብረ ታቦር ሲነሣ የሰው ሐሳብ ወዲያው ወደ ዓፄ ቴዎድሮስና በጋፋት ወደ ተሠራው ወደ ሴባስቶፖል መድፍ ይሄዳል። ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን መድፉ ከመሠራቱ ከ2000 ዓመት በላይ አስቀድሞ፥ ከጣና ባሕር በስተ ምሥራቅ ባለው ደጋ የኖረው ሕዝብ ምን ይዘራና ምን ይበላ እንደ ነበረ የሚመሰክር ነገር ከዋሻ አፈር ወጥቷል።

ተመራማሪዋ ጆአን ዶምብሮውስኪ በዚሁ አገር ሁለት ዋሻዎችን ቈፍረው ውጤቱን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1970 አሳተሙ። አንዱ ዋሻ ላሊበላ ይባላል፤ አንባቢ ግን ከላስታው ደብር ጋራ እንዳያሳስተው። ከዋሻው ታችኛ የአፈር ንብርብር ገብስ፥ ሽምብራና ሌላም ጥራጥሬ ከከብት አጥንት ጋራ ተገኘ። ዘመኑም ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት ገደማ ሆነ።

እህል በአፈር ውስጥ ይበሰብሳል። እሳት ነክቶት የከሰለው ግን ነቀዝና ሻጋታ አይበላውምና መልኩን እንደ ያዘ ይቈያል። ዘመኑን የሚናገረውም ይኸው ከሰል ነው፤ ሕይወት ባለው ሁሉ ውስጥ የሚገኘው ካርቦን 14 ከሞት በኋላ በየ5730 ዓመቱ በግማሽ ስለሚጐድል፥ ሊቃውንት የቀረውን መጥነው ዓመቱን ያሰላሉ።

በእንግሊዝ አገርም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። በፒተርቦሮ ከተማ አጠገብ፥ መስት ፋርም በሚባል የሸክላ አፈር ማውጫ ስፍራ፥ በ1999 የእንጨት ምሰሶ ብቅ ብሎ ታየ። የካምብሪጅ ሊቃውንት በ2015 እና በ2016 ሲቈፍሩት፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት 850 ዓመት ገደማ ከወንዝ በላይ ተሠርቶ የተቃጠለ መንደር ሆነ። ቤቶቹ ከወንዙ ጭቃ ስለ ወደቁ እህሉና ልብሱ፥ ምግብ የነበረበት ማሰሮ እንኳ ሳይቀር ተገኘ። የነገሩ ሁሉ መጀመሪያ ግን ምሰሶውን ያየ ሰው ዝም ሳይል መናገሩ ነው።

በእኛ ደጋ ዋሻ የእረኛና የከብት መጠለያ፥ የባሕታዊም ማደሪያ ነው። ዋሻን ማንጻት በጎ ሥራ ሲሆን፥ ወለሉን እስከ ታች ጠርጎ አፈሩን ወደ ገደል መጣል ግን ንብርብሩን ያፈልሰዋል። ቅጠሉ የተዛወረ ብራና በንባቡ ይታረማል፤ አፈር ግን ንባብ የለውም።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቍጥር 209 ያለ ፈቃድ መቈፈርን ከልክሏል፤ ቅርስ ያገኘ ሰውም እንዲያስታውቅ አዝዟል። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን መሠረት ሲቈፈር ወይም መንገድ ሲወጣ ገልና አጥንት ከአመድ ጋራ በብዛት ቢታይ፥ የደብሩ አለቃ ወይም የሥራው ሹም ቍፋሮውን አቁሞ ወደ ወረዳው የባህል ጽሕፈት ቤት ይላክ፤ ጸሓፊውም የቦታውን ስምና ቀኑን ይመዝግብ። ገሉን ለቅመው አመዱን እንዳይደፉት ለሠራተኞቹ ይነገራቸው፤ የከሰለው እህል ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከአመዱ ውስጥ ነውና።