ሦስት ስም የነበረው ሻጋታ

ጥጃ አድጎ ወይፈን፣ ወይፈኑም በሬ እንደሚሆን ለገበሬ አይነገረውም። ከብት አይቶ የማያውቅ ሰው ግን ሦስቱን በየቦታው ቢያያቸው ሦስት ልዩ ልዩ እንስሳት ይመስሉታል። የሳይንስ ሰዎችም በአንድ ሻጋታ ላይ እንዲሁ ተሳስተው ነበር።

ይህ ሻጋታ ገብስን፣ ስንዴንና ስናርን ይይዛል። መጀመሪያ ከአበባው ላይ እንደ ማር የሚያጣብቅ ጠብታ ያወጣል። ቀጥሎ በፍሬው ፋንታ ጥቁር ቀንድ መሳይ ነገር ይበቅላል። ቀንዱ መሬት ይወድቅና ዝናብ ሲያገኝ እንደ ጅብ ጥላ ይበቅላል፤ እግሩ ቀጭን፣ ራሱ ድቡልቡል ነው። ከዚያ ራስ የሚወጣው ዘሩ በነፋስ ተነሥቶ ሌላ አበባ ላይ ያርፋል። ጠብታውን ያየ አንድ ስም፣ ቀንዱን ያየ ሌላ፣ ድቡልቡሉን ያየም ሌላ ስም ሰጠው።

በፈረንጆች 1853 ሉዊ ሬኔ ቱላን የተባለ ፈረንሳዊ ሦስቱም የአንድ ሻጋታ ዕድሜዎች መሆናቸውን አሳየ። ወገኑንም ክላቪሴፕስ አለው፤ በላቲን «ራሰ ቆመጥ» እንደ ማለት ነው። እኛ የራስን ስም አስቀድመን የአባትን እናስከትላለን፤ ሳይንስ ግን የወገኑን ስም ያስቀድማል። የገብሱ ክላቪሴፕስ ፑርፑሪያ ይባላል፤ ሐምራዊው ማለት ነው። የሀብሩ ገበሬ የሚዘራውን ማሽላ የሚይዘው ዘመዱ ደግሞ በ1991 ክላቪሴፕስ አፍሪካና ተብሏል።

እኛም ስሙን ስንማር «ይህ ምን ይረባል?» ብለን ነበር። ነገሩ ግን ቀላል አይደለም። በ1970 ዓ.ም. በወሎ ደጋ፣ በዋድላ ደላንታ፣ ይህ ሻጋታ የያዘው ስናር ከገብስ ጋር ተፈጭቶ ተበላ። መርዙ የደም ሥርን ያጠባል። ጣት ይደነዝዛል፣ ያቃጥላል፣ ይጠቁራል፣ ደርቆም ይወድቃል። እግራቸውን ያጡ፣ የሞቱም ነበሩ። መጋገር መርዙን ፈጽሞ አያጠፋውም። ለመርሳ ሰው ደጋው ሩቅ ቢመስለውም የደጋ ገብስ ወልድያ ገበያ ይወርዳል።

ዕድሜውን ያወቀ መከላከያውን ያገኛል። ቀንዱ በጥልቅ እርሻ ከተቀበረ ራሱን ማውጣት አይችልም። በዚያ ማሳ በሚቀጥለው ዓመት ባቄላ ወይም አተር ቢዘራ ሻጋታው የሚይዘው አበባ ያጣል። በዳር ያለው ስናር ሳያብብ ይታጨድ። ለዘር የሚሆነው እህል ብዙ ጨው በሟሟበት ውኃ ሲነከር ጥቁሩ ይንሳፈፋል፤ እሱን ገፎ መጣል፣ የቀረውንም በንጹሕ ውኃ አጥቦ ማድረቅ ነው። የሚበላውን በሰፌድ አበጥሮ ጥቁር ጥቁሩን መልቀም ያስፈልጋል። ለቃሚውን ለዶሮም ለከብትም አትስጡ፤ ላም ያስጨነግፋል።

ጣቱ የደነዘዘ ሰው ካለ ያን እህል መብላቱን ያቁም፤ ቶሎም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ከእህሉም ጥቂት ቋጥሮ ይያዝ፤ ሐኪሙ ያየዋል።