የአባባ ጀልባ ትጠገን ወይስ ትሸጥ?

ባሕር ዳር፣ ቤታችን ጓሮ ማንጎው ሥር፣ አንዲት ነጭ የፋይበር ጀልባ ሸራ ለብሳ ተደፍታ ተኝታለች። ሞተሯ ጓዳ ውስጥ በጆንያ ተጠቅልሎ ቆሟል። አባባ በሕይወት ሳሉ በዚህች ጀልባ ወደ ዘጌ ሰው ያመላልሱ ነበር፤ እኛን ያሳደገን ገቢ ከእሷ የተገኘ ነው። እሳቸው ካለፉ ወዲህ ውሃ አልነካትም። ታላቅ እኅታችን "ትሸጥና ብሩ ለእማዬ ይሁን" ትላለች። ታናሽ ወንድማችን ደግሞ "የአባባን እጅ እንዴት እንሸጣለን?" ይላል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲከራከሩ አንዳቸውም ሸራውን ገልጠው አላዩአትም። እኔም ብሆን አላየኋትም ነበር።

ይህ ዓይነቱ ክርክር ለጣና ሰው አዲስ ነው። ከደንገል የሚታሰረው ታንኳ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ጥቂት ወራት ካገለገለ በኋላ ይጣልና ሌላ ይታሰራል። የማሰሩ ጥበብ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል እንጂ ታንኳው ራሱ አይወረስም። የፋይበር ጀልባ ግን ከባለቤቱ በላይ ዕድሜ አለው፤ ሰው ሲያልፍ እሱ ጓሮ ውስጥ ይቀራል።

ጀልባ አንድ ዕቃ ይመስላል እንጂ ሁለት ነው፤ አካሉና ሞተሩ። ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው "ሞተሩ ይነሣል?" ብሎ ነው። እኔ ግን ውሳኔው ያለው አካሉ ላይ ነው እላለሁ። ሞተር ይፈታል፣ ይታደሳል፣ ሲያቅት በሌላ ይተካል። አካሉ ካለቀለት ግን የሚጠገን ጀልባ የለም።

ፋይበር የምንለው ከመስታወት ክር የተሠራ ጨርቅ ረዚን በሚባል ፈሳሽ ተነክሮ ሲደርቅ የሚገኘው ነው። እሱ ራሱ እንደ እንጨት አይበሰብስም። የሚበሰብሰው በውስጡ የተደበቀው እንጨት ነው። የጀልባው የኋላ ግድግዳ፣ ሞተሩ የሚንጠለጠልበት፣ በብዙ ጀልባዎች ውስጡ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ከውጭም ከውስጥም ፋይበር ለብሶ ስለሚታይ ማንም እንጨት መሆኑን አይጠረጥርም። በሐይቃችን የተለመደው ባለ 40 የፈረስ ጉልበት ሞተር ከ70 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ያ ሁሉ ክብደት በጥቂት ቡሎኖች ታስሮ ግድግዳውን ይጎትተዋል፣ በጉዞ ጊዜ ደግሞ ይገፋዋል። ጣና ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ እያንዳንዱ ማዕበል ጀልባዋን ሲያነጥር ሞተሩ ግድግዳውን ይነቀንቀዋል። ከዓመታት በኋላ የቡሎኖቹ ቀዳዳ ማሸጊያው ይደርቅና ውሃ ያስገባል። ከዚያ በኋላ እንጨቱ በጨለማ ውስጥ ይበሰብሳል፤ ከውጭ ግን ጀልባዋ እንደ ነጣች ናት።

ይህን ለማወቅ የመዶሻ እጀታ ይበቃል። ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ኳ ኳ ማድረግ ነው። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ድፍን ያለ፣ እርጥብ ጆንያ የመታችሁ ያህል። ሁለተኛው ምርመራ ሞተሩ በቦታው ታስሮ ሳለ የታችኛውን እግሩን ይዞ ወደ ላይ መሳብ ነው፤ ግድግዳው አብሮ ከተለጠጠ ነገሩ ተበላሽቷል። የተጠራጠረ ሰው አንድ ቡሎን ይፍታና ቀዳዳውን በካቻቢቴ ይቆፍር። የሚወጣው ጥቁርና እርጥብ ከሆነ መልሱ ያው ነው።

የበሰበሰው የኋላ ግድግዳው ብቻ ከሆነ ተስፋ አለ፤ የውስጡ ፋይበር ይቆረጣል፣ እንጨቱ ተጠርጎ ይወጣል፣ አዲስ ኮምፔንሳቶ በረዚን ይጣበቃል። አድካሚ ሥራ ነው፣ ግን የታወቀ ሥራ ነው። ከወለሉ ሥር ያሉት ማገሮች አብረው ከበሰበሱ ግን እኔ ጠግኑ አልልም። ያኔ ጀልባዋ ቅርፊት ብቻ ናት፤ ለእሷ የሚወጣው ገንዘብ ሌላ ይገዛል። የቀለሙ መደብዘዝና ሲነኩት እንደ ጠመኔ እጅ ላይ መቅረቱ ማንንም አያስደንግጥ፤ የፀሐይ ሥራ ነው፣ በአሸዋ ወረቀትና በቀለም ይድናል።

ወደ ሞተሩ ስንመጣ፣ ከጀልባው ኋላ የሚሰቀለውን ሞተር ለገበያ ካስለመዱት ሰዎች ቀዳሚው ኖርዌይ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ኦሌ ኤቪንሩድ ነው፤ ሽያጩን የጀመረው በ1909 እ.ኤ.አ. ነው። በስሙ የሚጠራው ሞተር ምርት በ2020 እ.ኤ.አ. ቆሟል። ይህን ማንሣቴ ለታሪክ ብቻ አይደለም፤ የወረሳችሁት ሞተር የየትኛው ፋብሪካ እንደሆነ ማወቅ የሚጠቅመው መለዋወጫ ማግኘቱን ስለሚወስን ነው። በየመርከብ ማቆሚያው የሚታየው ሞተር መካኒኩንም ዕቃውንም አብሮ ይዞ ይመጣል።

ይህ ሞተር የሚቀዘቅዘው በሐይቁ ውሃ ነው። ታች እግሩ ውስጥ ያለች ትንሽ የጎማ ፓምፕ ውሃ ስባ ወደ ላይ ትረጫለች፤ ከኋላ እንደ ቀጭን ምንጭ የሚፈሰው እሱ ነው። አባባ ሞተር ባስነሡ ቁጥር ዞር ብለው የሚያዩት ይህን ነበር፤ ለምን እንደሆነ የገባኝ አሁን ነው። በክረምት ወንዞቹ ደለል ሲያመጡ ጎማዋ ትበላለች። ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሐይቁን የወረረው እንቦጭ ደግሞ የውሃ መግቢያውን ይደፍናል፣ ፕሮፔለሩንም ይጠመጥማል። እባካችሁ፣ ጓሮ የቆመ ሞተርን "ይነሣ እንደሆነ ልየው" ብላችሁ በደረቁ አታስነሡ። ጎማዋ ያለ ውሃ ለአፍታ ብትዞር ትቃጠላለች። እግሩን ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ ንከሩት።

ከዚያ በፊት ካንዴላዎቹን ፈትቶ ሞተሩን በእጅ ማዞር፣ ኮምፕሬሽን መለካትና የማርሹን ዘይት ማየት ነው። ሲሊንደሮቹ ተቀራራቢ ቁጥር ካሳዩ ደኅና ነው፤ ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ጉልበቱ ቀነሰ ብላችሁ ግን ሞተሩን አትኰንኑ። ጣና ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ሳሳ ስለሚል ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል፤ ባለ 40 የተባለው እኛ ጋ ሲደርስ 33 ገደማ ነው። ሐይቁ በሌላ በኩል ክሷል፤ ውሃው ጨው የለውም። በባሕር ላይ የኖረ ሞተርን የሚበላው ዝገት የእኛን እምብዛም አይነካም።

ባለፈው እሑድ ጎረቤቶች ረድተውን ጀልባዋን ገለበጥናት። መዶሻውን የያዘችው ትሸጥ የምትለው እኅታችን ነበረች። ግድግዳው በቀኝ ታችኛው ጥግ፣ ሁለት መዳፍ በሚያህል ቦታ ድፍን አለ። ማገሮቹን አንድ በአንድ መታቻቸው፤ ሁሉም ጥርት ያለ ድምፅ ሰጡ። የማርሹ ዘይት ጠቁሯል እንጂ አልነጣም። ስለዚህ የእኛዋ ትጠገናለች፤ እኅታችንም ተስማምታለች፣ ገቢው ለእማዬ እንዲሆን ቃል አስገብታን።

የእናንተ መሸጥ ያለባት ሆና ብትገኝ አይክፋችሁ፤ ሞተሩን ለብቻው ብትሸጡት የተሻለ ዋጋ ሊያወጣ ይችላል። የበሰበሰውን ግድግዳ ቀለም ቀብታችሁ ግን ለማንም አትስጡ። ቦታውን ለገዢው አሳዩት፣ መዶሻውንም አቀብሉት። በዚያች ጀልባ ወደ ሐይቁ ገዳማት የሚሻገሩ እናቶች አሉ።