አየርና ሙቀት በአንድ ክፍል፦ የናይቲንጌል የአካባቢ ንድፈ ሐሳብ በቢቸናና በሞጣ



የፍሎረንስ ናይቲንጌል የአካባቢ ንድፈ ሐሳብ በነርሲንግ ትምህርት ቀድሞ የሚነሣ፣ በሥራ ላይ ግን ቀድሞ የሚዘነጋ ነው። ንጹሕ አየር፣ ሙቀት፣ ብርሃን፣ ንጽሕና፣ ጸጥታ፣ ምግብ ብሎ ለፈተና መዘርዘር አይከብድም። እነዚህ ነገሮች በአንድ ክፍል ውስጥ እርስ በርሳቸው ሲጋጩ ምን እንደሚደረግ ግን ዝርዝሩ አይነግረንም። ዛሬ የማተኩረው በዚህ ግጭት ላይ ነው፤ ምሳሌ የማደርጋቸውም ቢቸናንና ሞጣን ነው።

ሁለቱ የምሥራቅ ጎጃም ከተሞች ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ሌሊታቸው ብርዳም ነው። በዚህ አገር «ብርድ መታኝ» የሚለው አነጋገር ሕመምን ብቻ ሳይሆን የሕመሙን መንሥኤም ይገልጻል። ስለዚህ ነርሷ መስኮት ስትከፍት አስታማሚው ተነሥቶ ይዘጋዋል። እርሷ የሳንባ ነቀርሳን ትፈራለች፤ እርሱ ብርዱን። ሁለቱም የሚጨነቁት ለታካሚው ነው። አስታማሚውን «ስላልተማረ ነው» ብሎ ማለፍ የተለመደ ቢሆንም፣ ናይቲንጌልን በጥንቃቄ ያላነበብነው እኛ ባለሙያዎቹ ነን ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ1859 የወጣው የነርሲንግ ማስታወሻዋ የመጀመሪያ ምዕራፍ አየርንና ሙቀትን በአንድ ርእስ ያጣመረ ነው። ታካሚው የሚተነፍሰው አየር የውጭውን ያህል ንጹሕ እንዲሆን ትጠይቃለች፤ ነገር ግን ታካሚው ሳይበርደው። እኛ የመጀመሪያውን ግማሽ ይዘን ሁለተኛውን ጥለነዋል።

ከዚህ የሚከተለው የሥራ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ይደረባል፤ አልጋው ነፋሱ በቀጥታ ከሚያልፍበት ቦታ ፈቀቅ ይደረጋል፤ መስኮት የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። ሌሊት በጥቂቱ፣ ረፋድ ላይ ፀሐዩ ሲሞቅ በሰፊው። የዓለም የጤና ድርጅት በተፈጥሮ አየር ለሚጠቀሙ መደበኛ የተኝቶ ሕክምና ክፍሎች ለአንድ ታካሚ በሴኮንድ 60 ሊትር አየር ይመክራል። በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ሥራ ደግሞ በርና መስኮት ሲከፈት የክፍሉ አየር በአማካይ በሰዓት 28 ጊዜ እንደሚለዋወጥ አሳይቷል። ጣሪያቸው ከፍ ያለና መስኮታቸው የሰፋ አሮጌ ሕንፃዎች ከአዳዲሶቹ በልጠው ተገኝተዋል፤ የሆስፒታል ንድፍ የሚያጸድቁ ሰዎች ቢያስቡበት መልካም ነው።

ናይቲንጌል ይህን ስትጽፍ በሽታ የሚመጣው ከተበከለ ሽታ ነው ብላ ታምን ነበር። ሮበርት ኮኽ የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ያስታወቀው ከ23 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። የሰጠችው ምክንያት ቢሻርም የምትመክረው ተግባር አልተሻረም።

አሁን ወደ ማዋለጃ ክፍሉ እንሻገር። ሲወለድ ሰውነቱ እርጥብ የሆነ ሕፃን በደቂቃዎች ውስጥ ሙቀቱን ያጣል። ክፍሉ ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እንዳይሆን፣ ነፋስም እንዳይገባው ይመከራል። ይህ በደጋ ያለ ማሞቂያ የሚገኝ አይደለም። እዚህ በወሊድ ሰዓት መስኮቱ ይዘጋል፤ ሕፃኑ ተደርቆ በእናቱ ገላ ላይ ይደረጋል፤ ክፍሉ የሚናፈሰው በወሊዶች መካከል ነው። በአንድ ሆስፒታል፣ በአንድ ሌሊት፣ አንዱ ንድፈ ሐሳብ አንዱን መስኮት አስከፍቶ ሌላውን ያዘጋል። ነርሷን ከመመሪያ ወረቀት የሚለያት ይህን መመዘን መቻሏ ነው።

ስለ ምግብ ብዙ አልልም፤ የጾም ወቅት ብቻውን አንድ ንግግር ይፈልጋል። ከመጽሐፉ ግን አንድ ምዕራፍ ልጨምር፦ ነርሷ ስትኖር የሚደረገው ነገር በሌለችበትም እንዲደረግ ማመቻቸትን የሚመለከተውን። በእኛ ክፍሎች ሌሊቱን ሙሉ ከአልጋው አጠገብ የሚያድረው አስታማሚው ነው። እንግዲህ ተረኛዋ ስትወጣ «አባባ፣ ጋቢውን ደርቤለታለሁ፤ ይህችን መስኮት እንዲህ ገርበብ አድርገው ይተዉልኝ፤ ሳሉ አየሩን እንዳያፍነው ነው» ብላ ምክንያቱን ትንገራቸው። በርክክብ መዝገቡም ላይ የትኛው መስኮት እስከ ምን ሰዓት እንደሚከፈት፣ ለማን እንደተነገረም፣ ከመድኃኒቱ ሰዓት ጎን ይጻፍ።