የደጋው ማቀዝቀዣና ቴርሞስታቱ፦ ክትባት የሚበላሸው በሙቀት ብቻ አይደለም

በክትባት አገልግሎት የተሰማራ ማንኛውም ባለሙያ፣ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መጠን ውስጥ መቀመጥ እንደሚገባው ያውቃል። ይሁን እንጂ ደንቡ በአብዛኛው የሚታወሰው ከላይኛው ጫፍ፣ ማለትም ከሙቀት አንፃር ብቻ ነው። ይህ አስተያየት ለመተማና ለቋራ ቆላ ብዙም አያሳስትም። በደባርቅ፣ በዳባት፣ በጃናሞራና በበየዳ ግን ነገሩ ይለያል። በእነዚህ ደጋማ ወረዳዎች ማቀዝቀዣው ከሚገባው በላይ ቀዝቅዞ ክትባቱን ከጥቅም ውጪ ሊያደርገው ይችላል። ለዚህ ምክንያት ከሚሆኑት መካከል አንዱ፣ ከመሣሪያው ጋር፣ መሣሪያው ከሚሠራበት የኃይል ዓይነትና ከቦታው ከፍታ ጋር የማይስማማ ቴርሞስታት ነው።

በኢትዮጵያ የተስፋፋ የክትባት ፕሮግራም በ1972 ዓ.ም. ሲጀመር ከነበሩት ክትባቶች ውስጥ የፖሊዮ፣ የኩፍኝና የሳንባ ነቀርሳ ክትባቶች ውርጭ ብዙም አይጎዳቸውም። ከዚያ ወዲህ ወደ አገልግሎት የገቡት ግን አብዛኞቹ በረዶ የማይችሉ ናቸው። በ1999 ዓ.ም. የተጀመረውና ትክትክን፣ መንጋጋ ቆልፍንና የጉበት በሽታን ጨምሮ አምስት በሽታዎችን የሚከላከለው ክትባት፣ በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው የሳንባ ምች መከላከያ፣ እንዲሁም በ2011 ዓ.ም. ለልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ የዚሁ ወገን ናቸው። እነዚህ ክትባቶች የአሉሚኒየም ውሁድ ይገኝባቸዋል። ፈሳሹ አንድ ጊዜ በረዶ ከሆነ ይህ ውሁድ ይጓጉላል፤ በረዶው ቢቀልጥም ወደ ነበረበት አይመለስም። የክትባቱም ኃይል ይቀንሳል። አስቸጋሪው ነገር ብልቃጡ ከቀለጠ በኋላ ለዓይን ደህና መምሰሉ ነው። ሕፃኑ ይከተባል፣ ካርዱ ላይ ይመዘገባል፣ በሪፖርትም ይቆጠራል፤ ነገር ግን ከበሽታው ላይጠበቅ ይችላል።

ለጉዳዩ ጥሩ ምሳሌ የሚሆኑት፣ ኤሌክትሪክ ባልደረሰባቸው ወይም በሚቆራረጥባቸው አካባቢዎች ለረጅም ዓመታት ያገለገሉት በሁለት ዓይነት ኃይል የሚሠሩ ማቀዝቀዣዎች ናቸው። የአሠራራቸው መሠረት የተጣለው እ.ኤ.አ በ1922 ሲሆን፣ ባልትዛር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ የተባሉ ሁለት ስዊድናውያን ተማሪዎች የፈጠሩት ነው። ማንኛውም ማቀዝቀዣ ሙቀትን ከውስጥ ስቦ ወደ ውጪ የሚያወጣ ፓምፕ ነው። የተለመደው ፍሪጅ ይህን የሚያከናውነው በሞተር ሲሆን፣ የስዊድናውያኑ ግን ሞተር የለውም። አሞኒያ፣ ውኃና ሃይድሮጂን በታሸገ ቱቦ ውስጥ ይዘዋወራሉ፤ የሚያንቀሳቅሳቸውም ከሥር የሚሰጣቸው ሙቀት ብቻ ነው። እሳት ቅዝቃዜ ሲፈጥር ማየት ለብዙ ሰው እንግዳ ቢሆንም፣ ሙቀቱ ከኤሌክትሪክ፣ ከነጭ ጋዝ ወይም ከቡታጋዝ ቢመጣ ለመሣሪያው ልዩነት የለውም። ኤሌክትሮሉክስ ለክትባት ይሠራቸው በነበሩት ማቀዝቀዣዎች ስም መጨረሻ ላይ የሚታዩት ፊደላት ይህንኑ የሚያመለክቱ ናቸው፤ «ኢኬ» የተባለው በኤሌክትሪክና በነጭ ጋዝ፣ «ኢጂ» የተባለው ደግሞ በኤሌክትሪክና በቡታጋዝ የሚሠራ ነው።

ልዩነቱ የሚታየው በመቆጣጠሪያው ላይ ነው። በኤሌክትሪክ ሲሠራ ቴርሞስታቱ የውስጡን ቅዝቃዜ እየተከታተለ ማሞቂያውን ያበራል፣ ያጠፋል። በቡታጋዝ ለሚሠራው ደግሞ የጋዙን መጠን የሚጨምርና የሚቀንስ ራሱን የቻለ ሌላ ቴርሞስታት አለው። በነጭ ጋዝ የሚሠራው ግን ጨርሶ ቴርሞስታት የለውም፤ ቅዝቃዜው የሚወሰነው ክሩን ከፍና ዝቅ በማድረግ በሚስተካከለው ነበልባል ነው። በመሆኑም መብራት ጠፍቶ ወደ ነጭ ጋዝ የተዛወረ ማቀዝቀዣ ላይ የኤሌክትሪኩን ቁጥር ማዞር ምንም ለውጥ አያመጣም። እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱን ተመልክቶ ነበልባሉን ከፍ ያደረገ ሠራተኛ ማታ ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ እሳቱ በዚያው መጠን ሌሊቱን ሲነድ ያድራል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በሚጥልበት ደጋ የክፍሉ አየር ሲወርድ ማቀዝቀዣው አብሮ ይወርዳል፤ የሚያስቆመውም የለም። ሁለቱን ኃይል በአንድ ጊዜ ማሠራትም አይፈቀድም፤ ማሞቂያው ከመጠን በላይ ስለሚግል መሣሪያው ማቀዝቀዝ ያቅተዋል፣ ይበላሻልም።

ይህ ጥያቄ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። ክረምታቸው በከበደ አገሮች ቤትን በኤሌክትሪክ የሙቀት ፓምፕና በጋዝ ምድጃ አጣምሮ ማሞቅ የተለመደ ነው። በዚያም ሁለቱን ኃይል ለይቶ የሚያውቅ፣ የውጪው አየር ከተወሰነ መጠን ሲወርድ ከፓምፑ ወደ ምድጃው የሚያዛውርና ሁለቱ በአንድነት እንዳይሠሩ የሚከለክል ቴርሞስታት ካልተገጠመ መሣሪያው በአግባቡ አይሠራም። ለአንድ ኃይል ብቻ የተሠራ ቴርሞስታት በሽቦ ስለተገናኘ ብቻ ተስማሚ አይባልም። ልዩነቱ በዚያ የሚጎዳው የቤቱ ባለቤት ኪስ ሲሆን በጤና ጣቢያ የሚጎዳው ክትባቱ መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ከፍታ ሲሆን፣ በግዥ ወቅት እምብዛም የማይታሰበውም ይኸው ነው። የተለመደው ቴርሞስታት በውስጡ ጋዝ የያዘ ቀጭን የመዳብ ቱቦና ከቱቦው ጋር የተያያዘ የሚነፋ ከረጢት አለው። ማቀዝቀዣው ሲሞቅ ጋዙ ከረጢቱን ይነፋና የኤሌክትሪኩን መስመር ይዘጋል፤ ማቀዝቀዝም ይጀመራል። ከረጢቱን ከውጪ የሚቋቋሙት ደግሞ የምንጩ ሽቦና የአየሩ ግፊት ናቸው። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሯ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በጎንደር ከተማም ከ80 በመቶ በታች ነው። የሚቋቋመው ግፊት ሲቀንስ ከረጢቱ ገና በዝቅተኛ ሙቀት ይነፋል። በውጤቱም ለባሕር ጠለል ተስተካክሎ የተሠራ ቴርሞስታት ደባርቅ ላይ በዚያው ቁጥር ቢቀመጥ ማቀዝቀዣውን ከታሰበው በላይ ያቀዘቅዘዋል። በአንዳንዶቹ ላይ ለከፍታ ማስተካከያ የሚሆን ብሎን ያለ ሲሆን፣ ሊነካው የሚገባው የሠለጠነ የጥገና ባለሙያ ብቻ ነው። ሙቀትን በኤሌክትሮኒክስ የሚለኩ ቴርሞስታቶች ከዚህ ችግር ነፃ ናቸው።

ከዚህ አኳያ፣ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ወይም የዞን ጤና መምሪያ መለዋወጫ ሲጠይቅ «የፍሪጅ ቴርሞስታት፣ 1» ብሎ መጻፉ በቂ አይሆንም። የማቀዝቀዣው ሙሉ የሞዴል ስምና የኃይሉ ዓይነት በጥያቄው ላይ ሊሰፍር ይገባል። ቴርሞስታቱ የሚከፍትበትና የሚዘጋበት ሙቀት፣ የመዳብ ቱቦው ርዝመት፣ የሚሸከመው የኤሌክትሪክ መጠንና የሚገጠምበት ቦታ ከፍታም እንዲሁ። በገበያ ላይ የሚገኘው የቤት ፍሪጅ ቴርሞስታት ዋጋው ዝቅተኛ፣ መልኩም ተመሳሳይ ሊሆን ይችላል። ሆኖም የተሠራው ሥጋና ወተት ለማቆየት ነው፤ ከ2 ዲግሪ በታች መውረድ ለሥጋ ጉዳት የለውም። ለብዙ ሺህ ብር ክትባት ጥቂት መቶ ብር ማዳን የቁጠባ ምሳሌ ሊሆን አይችልም።

ትክክለኛው ቴርሞስታት ከተገጠመ በኋላ የማስተካከሉ ሥራ የሚከናወነው በቀን ሙቀት ሳይሆን ጎሕ ሲቀድ፣ ክፍሉ እጅግ በሚቀዘቅዝበት ሰዓት በተነበበ ልክ ነው። በዚያ ሰዓት ንባቡ ከ2 ዲግሪ በላይ ከሆነና ከሰዓት በኋላም ከ8 ካላለፈ ቁጥሩ አይነካም፤ እንዳይነካም በፕላስተር ይለጠፋል። በአብዛኞቹ ማቀዝቀዣዎች ቁጥሩ ሲጨምር የሚጨምረው ቅዝቃዜው ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ወይም አዲስ ክትባት ሲገባ ንባቡ ከፍ ስላለ ቁጥሩን ማሳደግ የተለመደ ስህተት ሲሆን፣ ብልቃጦቹ የሚቀዘቅዙትም በማግሥቱ ሌሊት ነው።

በቀን ሁለት ጊዜ የሚደረገው ምዝገባ የሌሊቱን አያሳይም። ስለዚህ የ30 ቀን ሙቀት የሚመዘግበው አነስተኛ መሣሪያ ከክትባቱ ጋር ይቀመጣል፤ ሙቀቱ ከዜሮ በታች ግማሽ ዲግሪ ላይ ለ1 ሰዓት ከቆየ ምልክት ይሰጣል። ምልክት በታየ ጊዜ የተጠረጠረው ብልቃጥ ሆን ተብሎ በረዶ ከተደረገና ከቀለጠ ተመሳሳይ ብልቃጥ ጋር ተወዛውዞ ይነፃፀራል። ዝቃጩ በእኩል ፍጥነት ከወረደ ወይም ከፈጠነ ክትባቱ አይሰጥም።

የዓለም ጤና ድርጅት በአሁኑ ጊዜ በነጭ ጋዝ የሚሠሩ ማቀዝቀዣዎችን አይመክርም። በምትካቸው የሚቀርቡት በፀሐይ ኃይል በቀጥታ የሚሠሩና መብራት ለጥቂት ሰዓታት በሚገኝበት ቦታ የበረዶ ግድግዳ ያላቸው ማቀዝቀዣዎች ናቸው። ድርጅቱ በሚያወጣው የመሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ «ኤ» ደረጃ የተሰጣቸው ከበረዶ የሚጠብቁት ተጠቃሚው ምንም ሳያደርግ ነው። ይኸው ዝርዝር መሣሪያው የሚቋቋመውን ከፍተኛ ሙቀት ብቻ ሳይሆን የሚሠራበትን ዝቅተኛ የክፍል ሙቀትም ያመለክታል። አንዳንዱ እስከ 10 ዲግሪ፣ ሌላው እስከ 5 ዲግሪ ድረስ ይሠራል። ለመተማ ሲገዛ የሚነበበው የመጀመሪያው ቁጥር ነው፤ ለበየዳ ሲገዛ ደግሞ የሁለተኛው፣ በታኅሣሥ ሌሊት በጤና ጣቢያው ክፍል ውስጥ ከተለካው ሙቀት ጋር እየተነፃፀረ።