ከባንኮኒው ጀርባ ያለው የጉልበት ወሬ

ጠጋ በሉማ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ የምነግራችሁ ነገር አለ። ሱቁ አሁን ጭር ብሏል፤ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤትም ምሳ ወጥቷል።

መርካቶ፣ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አካባቢ መድኃኒት መሸጥ ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። በአንድ በኩል የራጉኤል ቅዳሴ፣ በሌላ በኩል የአንዋር መስጊድ አዛን ይሰማኛል። ከሁለቱም በኩል የሚመጡልኝ ሰዎች ሕመም ግን አንድ ነው። ገና በሩ ላይ ሲደርሱ አውቃቸዋለሁ። አንድ እጅ መቃኑ ላይ፣ አንድ እጅ ጭን ላይ፣ ከዚያ ረጅም «እፎይ!» «የኔ ልጅ፣ ለዚች ጉልበቴ ጠንከር ያለ ነገር ስጪኝ።»

«ጠንከር ያለ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። እመለስባታለሁ።

መርካቶ ጉልበት ትጨርሳለች። ኩንታል ማለት መቶ ኪሎ ነው፤ ያንን በጀርባው አዝሎ ደረጃ የሚወጣ ልጅ አርባ ሳይሞላው ጉልበቱን ማሸት ይጀምራል። በርበሬ ተራ ያሉ እናቶች ከመሬት ስንዝር ከፍ ባለች በርጩማ ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ይውላሉ፤ ማታ ቤት ሲገቡ ደግሞ ሌላ በርጩማ፣ ሌላ ምድጃ ይጠብቃቸዋል። በሕማማት ስግደቱ አለ። በአንዋር በቀን አምስት ጊዜ ሱጁድ አለ።

ሕመሙን ግን በስሙ የሚጠራው የለም። «ብርድ ገብቶኝ ነው።» «ሪህ ነው አሉኝ።» «ነርቭ ነው።» አሁን አሁን ደግሞ «የጉልበቴ ፈሳሽ አልቋል» የሚለው በዝቷል። ከሃምሳ ዓመት በላይ በሆነ ሰው ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ነገሩ የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳ አካል መሳሳትና የመገጣጠሚያው መቆጣት ነው። ሐኪሞች ኦስቲዮአርትራይተስ ይሉታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 በዓለም ላይ 528 ሚሊዮን ሰው ይህ ሕመም ነበረበት፤ የ365 ሚሊዮኑ ጉልበት ላይ ነው። ከሕሙማኑም 60 በመቶው ሴቶች ናቸው። የበርበሬ ተራ እናቶች ብቻቸውን አይደሉም።

እሺ፣ አሁን መሳቢያውን ልክፈትላችሁ።

ከፊት ያለው ዳይክሎፌናክ ነው። ደንበኞቼ «ዳይክሎ» ይሉታል፣ እንደ ጎረቤት ልጅ አቆላምጠው። ሕመም ያስታግሳል፤ አልዋሽም። የሳሳውን ግን መልሶ አያወፍርም። ሳምንት ሁለት ሳምንት ሐኪም ሲያዝዘው አንድ ነገር ነው፤ ዓመቱን ሙሉ እንደ ቁርስ ሲዋጥ ግን ጨጓራን ያስቆጣል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። እዚህ ባንኮኒ ላይ የግፊት ኪኒንና ዳይክሎ በአንድ ፌስታል ይዘው ሊሄዱ ሲሉ ስንቱን አስቁሜአለሁ!

ጾም ሲገባ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ? ይሄን የምናውቀው እኛ ነን። ሁዳዴ ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ እናቶች ጠዋት ሕመሙ ሲብስባቸው «መድኃኒት ጾም አያስገድፍም» ብለው ኪኒኗን በባዶ ሆድ ይውጧታል። ረመዳን ላይ ደግሞ የቀኑን ሁሉ አጠራቅመው አፍጥር ላይ በአንድ ጊዜ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ለጉልበት የመጡት ለጨጓራ ይመለሳሉ። ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረበት ሰው ሲመጣ ምንም አልሸጥለትም። በቀጥታ ሐኪም ቤት! ጨጓራው እየደማ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ማንም የማይጠይቀኝ ነገር አለ። እዚያ ጥግ፣ ከላይ። የዳይክሎፌናክ ጄል ነው። «ቅባት ምን ያደርጋል?» ይሉኛል። ጉልበት ለቆዳ ቅርብ ነው፤ መድኃኒቱ ከላይ ሲቀባ እዚያው ይሠራል፣ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ስለሆነ ጨጓራንም ይምራል። በውጭ አገር ያሉ ትልልቅ የሕክምና መመሪያዎች ለጉልበት ከኪኒኑ በፊት እሱን ያስቀድማሉ። ሐኪማችሁን ጠይቁት።

አሁን ወደዚያች ቃል። «ጠንከር ያለ» ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ መርፌ ማለታቸው ነው። «ባለፈው የወጋኝ ልጅ እጁ መድኃኒት ነው፤ በነጋታው ዘልዬ ተነሣሁ!» ይላሉ። ከዳይክሎው ጋር ምን እንደተቀላቀለ ግን አይነገራቸውም። ብዙ ጊዜ ዴክሳሜታሶን ነው። በኪኒን የሚመጣ ዘመድም አለው፣ ፕሪድኒሶሎን ይባላል። ሁለቱም ስቴሮይድ ናቸው። ለሚገባቸው በሽታ ነፍስ አዳኝ ናቸው፤ ለተጎዳ ጉልበት ግን ለጥቂት ቀን አስደስተው ይሄዳሉ። ሰውየው ሲመለስ እንደገና ይወጋል። እንደገና ይመለሳል። እየተደጋገመ ሲሄድ ስኳር ይወጣል፣ አጥንት ይሳሳል፣ ፊት ይሞላል።

ፊት መሙላቱ ነው እንግዲህ ጉዱ! አንዲት ሸማ ነጋዴ ደንበኛዬ ስትመጣ ጓደኞቿ ከኋላዋ «ተመችቷታል፣ ፊቷ እንዴት እንደሞላ!» እያሉ ይቀኑባት ነበር። እኔ ሳያት ልቤ ደነገጠ። ጨረቃ የመሰለው ፊቷ የምቾት አልነበረም። የምትውጠውን ፕሪድኒሶሎን በራሷ ድንገት እንዳታቆም ለምኜ ሐኪም ቤት ላክኋት፤ ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ስቴሮይድን በአንድ ቀን ካቋረጠ ለሌላ አደጋ ይጋለጣል። ቀስ በቀስ የሚያስቀንሰው ሐኪም ነው።

«ጉልበት ውስጥ የሚሰጠውስ መርፌ?» በሉኝ። ሐኪም በንጽሕና ሲሰጠው ለጥቂት ሳምንታት ሊያግዝ ይችላል። መደጋገሙ ላይ ግን አሜሪካኖች ጥናት ሠርተዋል። እንደ አውሮፓውያን በ2017 በወጣው ጥናት 140 ሰዎች ተከፍለው ለሁለት ዓመት በየሦስት ወሩ ግማሾቹ ስቴሮይድ፣ ግማሾቹ የጨው ውኃ ጉልበታቸው ውስጥ ተወጉ። ሕመማቸው ላይ ልዩነት አልተገኘም። ስቴሮይድ የተወጉት ግን የጉልበታቸው ሽፋን ይበልጥ ሳስቶ ተገኘ።

ይቺ ደግሞ የምታብረቀርቀው ጠርሙስ ናት። ግሉኮሳሚን። «ልጄ ከአሜሪካ የላከችልኝ» ተብላ በነጠላ ተጠቅልላ ትመጣለች፣ አወሳሰዷን እንዳነብላቸው። የልጅ ፍቅር ስላለባት ክፉ መናገር ይከብደኛል። ግን እዚያው አሜሪካ 1,583 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት እንደ አውሮፓውያን በ2006 ሲታተም፣ በአጠቃላይ ሲታይ ከባዶ ኪኒን የበለጠ አላገዘችም። ልጅቷ ያንን ብር ወደ ፊዚዮቴራፒ ብታዞረው ምን ነበረበት?

አሁን የሁሉም እናት የሆነውን ሚስጥር ላውጣ። እንደ አውሮፓውያን 2002፣ ቴክሳስ፣ ሂዩስተን ከተማ። 180 የቀድሞ ወታደሮች ጉልበታቸውን ታምመው ሆስፒታል ገቡ። ለአንዱ ወገን በቀጭን መሣሪያ ጉልበቱ ውስጥ ተገብቶ ተጠረገለት። ለሌላው ታጠበለት። ለሦስተኛውስ? ቆዳው ተቀደደ፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገ እንዲመስል ሁሉም ነገር ተደረገ፣ ቆዳው ተሰፋ። ከቆዳው በታች ምንም አልተነካም! ማንም የትኛው እንደደረሰው አያውቅም። ሁለት ዓመት ተከታተሏቸው። በየትኛውም ጊዜ እውነተኛው ቀዶ ሕክምና የደረሳቸው ምንም ካልተነኩት የተሻሉ ሆነው አልተገኙም። ስለዚህ «በካሜራ ገብተን እንጠርገው» የሚላችሁ ሲመጣ፣ ጉልበታችሁ በእርጅና የሳሳ ከሆነ፣ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ መብታችሁ ነው። መገጣጠሚያውን ሙሉ በሙሉ መቀየር ሌላ ጉዳይ ነው። ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ሕመሙ እንቅልፍ ለነሣቸው ሰዎች በእርግጥም ይጠቅማል። ግን መጨረሻ ላይ የሚመጣ እንጂ መጀመሪያ አይደለም።

ታዲያ መጀመሪያው ምንድን ነው?

በየትኛውም መደርደሪያዬ ላይ የለም። አይሸጥም፤ ለዚህም ነው ማንም ጮክ ብሎ የማያስተዋውቀው። እናቴ ጉልበቷን ሲያማት ከዚህ ሁሉ መድኃኒት መሐል ምን የወሰድኩላት ይመስላችኋል? ወንበር። ደህና ከፍታ ያለው የእንጨት ወንበር ገዛሁና በርጩማዋን ደበቅኩት። የአካባቢያችን ፊዚዮቴራፒስት የሰጠቻት ትእዛዝ ሦስት ብቻ ነበር። ተቀምጣ እግሯን ቀጥ አድርጋ ዘርግታ እስከ አስር ትቆጥራለች፤ በእያንዳንዱ እግር አስር ጊዜ። ከወንበሩ በእጇ ሳትደገፍ ትነሣለች፣ ቀስ ብላ ትቀመጣለች። በየቀኑ ጥቂት ትራመዳለች። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ «ልትገድይኝ ነው!» ብላ ተቆጣችኝ። ቀለል ያለ ሕመም ቢኖር ችግር የለውም፤ በማግስቱ ከወትሮው ካልባሰ መቀጠል ነው። ሁለት ወር ሳይሞላ ግን ደረጃውን እየወጣች ስታማኝ ሰማኋት፣ ሳታቃስት።

ቋንቋችን እኮ ነግሮናል። ጉልበት መገጣጠሚያውም ነው፣ ኃይሉም ነው። የጭን ጡንቻ ሲበረታ ሸክሙን ከመገጣጠሚያው ላይ ይቀበላል። «ያመኛልና ልረፍ» ብሎ የተኛ ሰው ግን ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ሸክሙ ሁሉ አጥንቱ ላይ ይወድቃል። እንደ አውሮፓውያን በ2020 የወጣ የአሜሪካ ጥናት 156 ሰዎችን ወስዶ የስቴሮይድ መርፌውንና ፊዚዮቴራፒውን አወዳድሮ ነበር። ከዓመት በኋላ የተሻለ የተራመዱት፣ ያነሰ የታመሙት ፊዚዮቴራፒ የሄዱት ነበሩ።

ክብደትም አለ። አንድ ኪሎ ስትቀንሱ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበታችሁ ላይ የሚያርፈው ጫና በአራት ኪሎ ያህል ይቀንሳል። ሌላ አልጨምርም፤ ስሌቱን ለናንተ ትቻለሁ።

ከዘራ የሚይዙትን ደግሞ በመስታወቱ እያየሁ ልሮጥ ይዳዳኛል። ቀኝ ጉልበቱ የሚያመው ሰው ከዘራውን በቀኝ ይይዛል። ስህተት! በግራ ነው የሚያዘው፣ ካመመው እግር በተቃራኒ። ሸክሙ የሚካፈለው እንዲያ ነው። ደረጃ ስትወጡ ጤነኛው እግር ይቅደም፤ ስትወርዱ የታመመው። አንድ መቋሚያ ይዘው የመጡ አባት ይሄን አስተምሬያቸው እዚሁ በር ላይ ሞክረው «ይሄን ሁሉ ዘመን!» ብለው አንገታቸውን ሲነቀንቁ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ስግደቱ ከከበዳችሁ ለንስሐ አባታችሁ ንገሯቸው፤ ለታመመ ሰው መንገድ አለው። ሶላትም ወንበር ላይ ይሰገዳል።

ወጌሻውን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። የቀላ፣ የጋለ፣ ያበጠ ጉልበት አይታሽም፣ አይጎተትም። ትኩሳት ካለው፣ እግር መሬት አልረግጥ ካለ፣ ጉልበት ተቆልፎ አልዘረጋ ካለ፣ ወይም እብጠቱ ለሳምንታት ከሌሊት ላብና ከመክሳት ጋር ከመጣ ይሄ የነገርኳችሁ ሁሉ አይመለከታችሁም። ሳንባን ብቻ የሚይዝ የሚመስለን ቲቢ ጉልበትም ውስጥ ይገባል። የዚያኑ ዕለት ጤና ጣቢያ ሂዱ።

እኔ ጋ ስትመጡም አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። የግፊቱንም፣ የስኳሩንም፣ ከአሜሪካ የመጣውንም፣ ጎረቤት የሰጠቻችሁንም፣ የምትወስዱትን ሁሉ በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ኑና ባንኮኒው ላይ ዘርግፉልኝ። አብረን እናየዋለን። ለማየት አላስከፍልም።