የአዲስ አበባ መብራት ከየት ይመጣል?

ማታ ቤት ገብተን ማብሪያውን ስንጫን የሚበራው መብራት የት መንጭቶ ነው የመጣው? አዲስ አበባና ዳርቻዋ የሚያመነጩት በጣም ትንሽ ነው። በአቃቂ ወንዝ ላይ ያለው አንጋፋው የአባ ሳሙኤል ማመንጫ አቅሙ 6.6 ሜጋዋት ነው። በ2010 ዓ.ም. የተመረቀው የረጲ ማመንጫ ደግሞ የከተማዋን ቆሻሻ እያቃጠለ 25 ሜጋዋት እንዲያመነጭ ታስቦ ተሠራ። ሚሊዮኖች ለሚኖሩባት ከተማ ይህ የትም አያደርስም።

ስለዚህ ኃይሉ ከሩቅ ይመጣል። በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዋሹ ቆቃ 43 ሜጋዋት፣ በኦሞ ወንዝ ላይ ያለው ጊቤ 3 1,870 ሜጋዋት፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። የአዳማ የንፋስ ተርባይኖችም አሉ። ንፋሱ በሚበረታበት በበጋ ከእነሱ የሚገኘው ኃይል የግድቦቹን ውሃ ይቆጥባል። ሁሉም የሚገቡት ወደ አንድ መስመር ስለሆነ የእናንተ አምፖል የበራው በየትኛው ወንዝ እንደሆነ መለየት አይቻልም።

ውሃው እንዴት መብራት ይሆናል?

ወሳኞቹ ሁለት ናቸው፤ ውሃው የሚወርድበት ከፍታና በየሰከንዱ የሚወርደው መጠን። ውሃው ተርባይኑን ያሽከረክራል፤ ተርባይኑ ጄኔሬተሩን።

ሒሳቡን በእንጀራ ምጣድ እንየው። 3.5 ኪሎዋት የሚወስድ ምጣድ አንድ ሰዓት ሳይቋረጥ ቢሠራ፣ ለእሱ የሚሆነውን ኃይል ለማመንጨት ከ100 ሜትር ከፍታ ወደ 14 ሜትር ኩብ ውሃ መውረድ አለበት። ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ 14 ጊዜ ሞልቶ መልቀቅ ማለት ነው።

ከግድብ እስከ ቆጣሪ

ከሕዳሴ ግድብ የተነሣው ኃይል ሆለታ የሚደርሰው በ500 ሺህ ቮልት መስመር ነው። ቮልቴጁ ከፍ ሲል ያንኑ ኃይል ለማድረስ የሚያስፈልገው ከረንት ያንሳል፤ በሽቦው ላይ በሙቀት የሚባክነውም አብሮ ይቀንሳል። ከዚያ በማከፋፈያ ጣቢያዎች ደረጃ በደረጃ እየወረደ በ15 ሺህ ቮልት ሰፈር ይገባል። ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ትራንስፎርመር ለቤታችን 220 ቮልት አድርጎ ይሰጠናል።

በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ ኃይሉ የሚጠራቀምበት ቦታ የለም። የሚመነጨውና የምንጠቀመው በየሰከንዱ እኩል መሆን አለበት። ማታ ሁሉም ምድጃውን ሲለኩስ ጄኔሬተሮቹ ጭነቱ ይከብዳቸውና ፍጥነታቸው መውረድ ይጀምራል። ፍጥነቱን ወደ ነበረበት ለመመለስ ወዲያው ተጨማሪ ውሃ ይለቀቃል።

ግድቡ ሞልቶ መብራት ለምን ይጠፋል?

ግድቡ ቢሞላም ኃይሉ እኛ ጋ የሚደርሰው በሰፈሩ ትራንስፎርመር በኩል ነው። ከትራንስፎርመሩ ፌዝ የሚባሉ ሦስት መስመሮች ይወጣሉ፤ አብዛኛው መኖሪያ ቤት የሚቀጠለው ከአንዱ ጋር ነው። በአንድ ፌዝ ላይ ያሉ ቤቶች በአንድ ሰዓት ምጣድ ከጣዱ ያ ፌዝ ከአቅሙ በላይ ይጫንና ፊውዙ ይቃጠላል። የጎረቤት ቤት በርቶ የእኛ የሚጨልመው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። አንድ ምጣድ የሚወስደው ኃይል ወደ 390 የሚጠጉ ባለ 9 ዋት አምፖሎችን ያበራል።

ታላላቅ ግድቦችን ሠርተናል፤ ልንኮራባቸውም ይገባል። ያረጀ ሽቦና የተጨናነቀ ትራንስፎርመር ካልተቀየረ ግን የግድቡ ኃይል ደጃችን ደርሶ ይቀራል። ለሰፈር መስመር የሚወጣ ገንዘብ ለግድብ ከሚወጣው እኩል ሊታሰብበት ይገባል። እኛም የድርሻችንን እናድርግ፤ የምንችል ሁሉ እንጀራችንን ማታ ሰው ሁሉ በሚጠቀምበት ሰዓት ሳይሆን ረፋድ ላይ እንጋግር።